«ልጄ ደርሳለች ወይ?»

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ የልጆቼን የሰኞ ልብስ በመተኮስ ላይ ሳለሁ ከጎረቤቶቼ አንዲት እናት ደጄን አንኳኩ። በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስት ልጆቻቸውን በዚያችው ደመወዝ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ዘወትር ወደኔ የሚመጡት ለቡና ነው። የዚያን ዕለት ግን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙትን ወረቀት ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «ይቀመጡ» ሳልላቸው ተቀመጡ።

«አንቺ የጋዜጣ ሰው ነሽ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ታውቂዋለሽ» አሉኝ። «ልጄን ለውጭ አገር ፈለጓት። እንግሊዝኛው ለኔ ጨለማ ነው። ከወረቀቱ በፊት ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ልጄ ደርሳለች ወይስ አልደረሰችም?»

ልጅቷን አውቃታለሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት የቀራት፣ ቀጠን ያለች፣ ሰው ፊት ዓይን አፋር የምትመስል ልጅ ናት። የግቢያችን አጥር ቆርቆሮ ስለሆነ ድምፅ አይከለክልም፤ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ እያጠበች የምታንጎራጉረውን ትዝታ እየሰማሁ፣ ድስቱን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ የቀረሁበት ጊዜ ብዙ ነው። በሠርግ ላይ መዝፈን የጀመረችው ገና ተማሪ ሳለች ነበር። ከስምንት ወር ወዲህ ደግሞ በአንድ የባህል ምግብ ቤት በሳምንት ሁለት ምሽት ትዘፍናለች። ዘፋኞችን ወደ ውጭ የሚወስድ አንድ ሰው እዚያ አይቷት፣ በአንድ የዐረብ ከተማ ባለ የሐበሻ የምሽት ክበብ ለስድስት ወር እንድትሠራ ውል አቀረበላት። በሁለት ወር የምታገኘው እናቷ በዓመት ከሚያገኙት ይበልጣል። ሰውዬው መልስ የሚፈልገው በአሥር ቀን ውስጥ ነው።

እኔ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ አለኝ እንጂ የሙዚቃ ዲፕሎማ የለኝም። ይህን ለሴትዮዋ ብነግራቸውም አልተቀበሉኝም። «ስትሰሚ ታውቂያለሽ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ቶሎ እንዳልመልስ ምላሴን የያዘው ሙዚቃ አለመማሬ አልነበረም። ይህንኑ ጥያቄ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተጠይቄ መልሼ ስለማውቅ ነው።

ያኔ የተጠየቅሁት ስለ አክስቴ ልጅ ነበር። እሷም ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ለእሷም የመጣው የሦስት ወር ውል ነበር። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ «አንቺ የተማርሽው ምን ትያለሽ?» ሲለኝ፣ ውሉን በወጉ እንኳ ሳላነብ «ትሂድ እንጂ! እንዲህ ያለ ድምፅ እዚህ ታፍኖ ሊቀር ነው?» አልኩ። ዛሬ ራሴን ስመረምር ያን ያናገረኝ ስለ ድምፅዋ የነበረኝ ፍርድ ብቻ አልነበረም። ከዘመዶቼ አንዷ በውጭ አገር ስሟ ሲጠራ መስማት አማረኝ። በሥራ ቦታዬ «የአክስቴ ልጅ እኮ ናት» ብዬ የማወራው ነገር አማረኝ።

ሦስቱ ወር ሁለት ዓመት ሆነ። በሳምንት ስድስት ሌሊት፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋት አሥር ሰዓት ድረስ፣ ሲጋራ በታጠነ ቤት ውስጥ እንግዳው የጠየቀውን የሌላ ዘፋኝ ዘፈን ሁሉ ስትዘፍን ከረመች። ፓስፖርቷ በክበቡ ኃላፊ መሳቢያ ተቆለፈበት። ከመድረክ ስትወርድ ከደንበኞች ጋር ተቀምጣ እንድታጫውት ስትጠየቅ «ለዚህ አልመጣሁም» በማለቷ ከደመወዟ ተቆረጠባት። በሁለተኛው ዓመት ድምፅዋ መሻከር ጀመረ፤ ሐኪም ያየው የድምፅ አውታሯ ላይ እብጠት ወጥቶ ነበር። ዝም ማለት ነበረባት። ዝም ያለ ዘፋኝ ደግሞ እዚያ አይከፈለውም። ተመልሳ ስትመጣ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኳት እኔ ነኝ፤ «ደህና ነሽ?» ስላት በጭንቅላቷ ብቻ መለሰችልኝ።

እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ «አንቺ ነሽ ሂጂ ያልሽኝ» ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ለጎረቤቴ «ጥቂት ቀን ይስጡኝ» ብዬ ውሉን ተቀበልኩ። በእነዚያ ቀናት ሌሊት ሌሊት ያሰብኩት ስለ ውሉ ብቻ አልነበረም። «ለውጭ አገር ደረሰች» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ነበር የማሰላስለው። አንዲት ድምፃዊት ዋሽንግተን፣ ዱባይ፣ ቴላቪቭ ወይም ስቶክሆልም ዘፈነች ሲባል ብዙውን ጊዜ አዳራሹን የሚሞላው የኛው ሰው ነው። አገሩ የናፈቀው ሁሉ ትዝታ ሲሰማ ያለቅሳል፤ ግጥሙን ከዘፋኟ ቀድሞ ይጨርሳል። ይህ የተከበረ ሥራ ነው፤ ብዙ ቤተሰብም ይኖርበታል። ነገር ግን አውሮፕላን ተሳፍሮ የሰፈርን ሠርግ መዝፈን እንጂ፣ ቋንቋችንን የማያውቅ አድማጭ ፊት መቆም አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ደጆች ናቸው፤ አንዱን ያለፈ ሌላውን አልፏል ማለት አይቻልም።

አስቴር አወቀን እንመልከት። አሜሪካ ከመሻገሯ በፊት በአዲስ አበባ ከበርካታ ባንዶች ጋር ዘፍናለች፤ ካሴቶችም አሳትማለች። እዚያም ስትደርስ የዓለም መድረክ ተነጥፎ አልጠበቃትም። በዋሽንግተን በሐበሻ ምግብ ቤቶች ለኛው ሰው ዓመታት ዘፈነች። ለንደን የሚገኝ ትሪፕል ኧርዝ የተባለ አነስተኛ አሳታሚ «አስቴር» የተሰኘውን ሥራዋን ለፈረንጅ አድማጭ ያወጣው በ1989 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። «ካቡ» በ1991 ተከተለ። እንግዲህ አንድ ቃል አማርኛ የማይሰማ እንግሊዛዊ ሸክላውን ገዝቶ ቤቱ የሚያዳምጠው ስለ ምን ነው? ሰምና ወርቁ ለእሱ የለም። ለእሱ የሚቀረው ድምፅዋ ሲሰበርና ሲቃና፣ ከማንም የማትዋሰው አወራረዷ ነው። ግጥሙ ቢወሰድብንም የሚቀር ነገር አለን ወይ የሚለው ጥያቄ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የሁለተኛው ደጅ ቁልፍ ነው።

የማሕሙድ አሕመድ ደግሞ ትዕግሥት ለሌለን ለኛ ለእናቶች ይበልጥ ያስተምራል። መርካቶ ያደገ፣ ጫማ ጠርጎ የኖረ ልጅ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሪዞና በተባለው ክበብ ወጥ ቤት ሲሠራ፣ አንድ ምሽት ዘፋኝ ጎድሎ ዕድሉን ጠይቆ መድረክ ላይ ወጣ። ከዚያ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ እስከ 1974 ድረስ ዘፈነ። «ኧረ መላ መላ»ን በ1975 ቀዳ፤ ቤልጅግ ያለ ክራምድ ዲስክስ የተባለ አሳታሚ ለአውሮፓ ያወጣው በ1986 ነው። ከወጥ ቤቱ እስከ አውሮፓ ሸክላ ቤት ሃያ ዓመት አልፏል ማለት ነው። የዓለም ሙዚቃ ሽልማትን ከቢቢሲ ያገኘው በ2007፣ የስድሳዎቹ አጋማሽ ላይ ሆኖ ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሌት ተቀን ከባንድ ጋር ሠርቷል፤ ያን ጊዜ ባንድ ማለት ኪቦርድ ከፍቶ የሚያጅብ አንድ ሰው አልነበረም።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ግን ሐሳቤን አናወጠው። ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ዓመታት የተጫወተ፣ በዘመኑ ከነበሩት ከታወቁት አንዱ ነው። በ1981 ለጉዞ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ከቀሩት አንዱ ነው፤ በኋላም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነጂ ሆነ። ኪቦርዱን በመኪናው ዕቃ መጫኛ ይዞ እየዞረ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመድ ነበር። በ1985 ለብቻው የሠራው ካሴት በ2013 አሜሪካ እንደገና ታተመና ሰው ፈለገው፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ፤ የአውሮፓና የአሜሪካ መድረኮችም ተከፈቱለት። ይህ ሰው በ1981 አልደረሰም ነበር ማን ይላል? እሱ ደርሶ ነበር፤ የሚያዳምጠው ጆሮ ነበር ያልደረሰው። ስለዚህ «ደርሳለች» ብሎ መፍረድ፣ «ይሳካላታል» ብሎ መተንበይ አይደለም። ይህን ለአንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ እናት እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ።

በመጨረሻ መሄድ ከነበረብኝ መጀመሪያ ወደ ሄድኩበት ሄድኩ። ልጅቷንና እናቷን ይዤ ወደ አክስቴ ልጅ ቤት።

የአክስቴ ልጅ ዛሬ ቀን ቀን መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ለልጆች መዝሙር ታስተምራለች፤ ድምፅዋ ተመልሷል፣ በላይኛው በኩል ግን እንደ ድሮው አይደለም። ማታ ክራር ይዛ ዜማ ትሠራለች። ቡና አፍልታ ከተቀመጥን በኋላ ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ማጀቢያውን ልትከፍት ስትል «እሱን ተይው» አለቻት። «ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪና አንቺሆዬ ዝፈኚልኝ።»

ልጅቷ ወደኔ ተመለከተች። እኔም አልገባኝም ነበር። በኋላ እንደ ነገረችን፣ ብዙ ጀማሪ የሚዘፍነው በአድማጩ ፊት ላይ ተደግፎ ነው፤ እናቱ ስትስቅ፣ ጓደኛው ራሱን ሲነቀንቅ ይበረታል። ያ ሁሉ ሲወሰድበት ዘፈኑ ቆሞ ይሄዳል ወይስ ይወድቃል? (የሠርግ ጭብጨባማ ምን ሊነግረን ይችላል! ግንባሯ ላይ የሚለጠፈው ብር ለድምፅዋ ይሁን ለሙሽራው አጎት ሞቅታ ማን ይለየዋል?)

ልጅቷ ዘፈነች። ለኔ ጆሮ እንከን አልነበረውም። የአክስቴ ልጅ ግን ሲጀመር የያዘችውን ድምፅ በክራሯ ላይ ጠብቃ ኖሮ፣ መጨረሻው ላይ ያንኑ አውታር ነካችው። አልገጠመም። ልጅቷ ሳይታወቃት ከፍ ከፍ እያለች ሄዳለች። ፊቷ ቀላ። «አትደንግጪ፤ እኔም እንዲሁ ነበርኩ» አለቻትና ባቲ እንድትዘፍን ጠየቀቻት። በባቲው ላይ ግን ከቡናው ጭስ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። እናትየው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፤ እኔም የቤቱን ጣሪያ ስመለከት ቆየሁ።

«ከሌላ ሰው ያልወሰድሽው ዘፈን ስንት አለሽ?» ብላ ጠየቀቻት የአክስቴ ልጅ።

ዝም።

«ሁለቱን ምሽት ዘፍነሽ በማግሥቱ ድምፅሽ እንዴት ያድራል?»

«ትንሽ ይሻክረኛል፣ እትዬ። እስከ ቀትር ይለቀኛል።»

«ስድስት ምሽት በተከታታይ ስትዘፍኚ መቼ ይልቀቅሽ?»

እዚህ ላይ ልጅቷ ያልጠበቅሁትን ተናገረች። ዓይን አፋር ያልኳት ልጅ ቀና ብላ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ሄደው አይተውታል። እኔ አላየሁም። እናቴ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ ወንድሞቼ ገና ተማሪዎች ናቸው። የራሴ ዘፈን እስኪኖረኝ፣ ድምፄ እስኪጠነክር ስንል ማን ያበላናል? ሰውዬው ደግሞ ዛሬ የፈለገኝን ነገ ላይፈልገኝ ይችላል» አለች። መልስ የሰጣት አልነበረም። ትክክል ነበረች። ስለ አስቴርና ስለ ማሕሙድ ሌሊት ሌሊት ያሰብኩት ሁሉ ለቤት ኪራይ እንደማይሆን ያን ጊዜ ተሰማኝ። የአክስቴ ልጅም «አትሂጂ» አላለቻትም። ያለቻት ይህን ነው፦ «ለገንዘብ መሄድ ነውር አይደለም። ግን ለገንዘብ እየሄድሽ ለዝና የምትሄጂ እንዳይመስልሽ። እኔን የጎዳኝ እሱ ነው። ለገንዘብ ከሆነ የምትሄጂው፣ እንደ ሠራተኛ ውልሽን አንብበሽ ሂጂ።»

ውሉን አራታችንም ቁጭ ብለን አነበብነው፤ እኔ እየተረጎምኩ። አራት ገጽ ነው። የሥራ ሰዓት «አሠሪው እንደሚወስነው» ይላል። «እንግዶችን ማስተናገድ» የሚል ቃል አለበት፤ ምን ዓይነት ማስተናገድ እንደሆነ አልተጻፈም። ፓስፖርትን አሠሪው «ለደኅንነት ሲባል» ይይዛል። በውሉ ዘመን የምትቀዳው ዘፈን ሁሉ የአሠሪው ንብረት ይሆናል። ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ ስተረጉም እናትየው «ድምፅዋም?» ብለው ጠየቁኝ። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 «ከዋኝ» ብሎ የሚጠራው ዘፋኝ በተቀዳ ሥራው ላይ መብት እንዳለው ነገርኳቸው፤ ነገር ግን በፊርማ የተሰጠን ነገር፣ ያውም በሌላ አገር ሕግ ሥር፣ ማስመለስ እንዴት ከባድ እንደሆነም ጨመርኩ። እናትየው ለሃያ ዓመት የሌላ ሰው ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው። «የሰፋሁትን ባልለብሰውም ደመወዜን አገኛለሁ፤ መቀሱን ግን አምጪ ብሎኝ የሚያውቅ የለም» አሉ።

እዚያው እንዳለን እጅጋየሁ ሽባባው ትዝ አለችኝና ተናገርኩ። ቻግኒ የተወለደችው ጂጂ ኬንያ ኖራ፣ ወደ አሜሪካ ተሻግራ፣ በ2001 ስሟን የያዘውን አልበም ስታወጣ አዘጋጁ ቢል ላስዌል ነበር፤ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተርን የመሰሉ ታላላቅ የጃዝ ሰዎች አብረዋት ተጫውተዋል። እነዚያን በመሰሉ ሰዎች መካከል ቆማ ያልጠፋችው ግጥሙም ዜማውም ከራሷ የፈለቀ፣ ካደገችበት አገር ያመጣችው ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላ ሰው አስመስላ የምትዘፍን ብትሆን ኖሮ እንዲህ ያሉት ሰዎች ለምን ይፈልጓት ነበር? የአክስቴ ልጅ «እኔ ወደ ውጭ የሄድኩት ባዶ ሻንጣ ይዤ ነው» አለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ጉዞ ከእሷ አፍ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር የዚያን ቀን ያለችው ነው።

ስንወጣ ደጃፉ ላይ ቀረት ብዬ «ያኔ እኔ ነበርኩ...» ብዬ ጀመርኩ። «አውቃለሁ» አለችኝና የቡና ስኒዎቹን ማንሳት ቀጠለች።

ለሰውዬው የተሰጠው መልስ የእናትየውና የልጅቷ ነው፤ እኔ ጸሐፊያቸው ብቻ ነበርኩ። በሳምንት አራት ምሽት፣ ፓስፖርቷ በራሷ እጅ፣ ከመድረክ ውጭ ምንም ግዴታ የሌለባት፣ የቀዳችውም የራሷ እንዲሆን ጠየቁ። እንዲህ ተስተካክሎ ቢመጣ ትሄዳለች ብለው ነበር የወሰኑት፤ እኔም ያን ጊዜ አልተቃወምኩም። ሰውዬው በስልክ «ይህን ሁሉ የማይጠይቁ ሃያ ልጆች ተሰልፈውልኛል» አለና ዘጋ። ልጅቷ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣችም። እናትየውም ሁለት ቀን ቡና አልጠሩኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በፊት ወደ አክስቴ ልጅ ቤት መሄድ ጀመረች። በእግሯ ነው የምትሄደው፤ ለታክሲ የምታወጣውን ለክራር ታጠራቅማለች። በምግብ ቤቱም ማጀቢያው የድምፅ ማጉያ ጩኸት እንዲቀነስላት ጠይቃ፣ ባለቤቱ እያጉረመረመ ቀንሶላታል። አዲስ ውል የለም፤ ደመወዟም ያው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ በአጥሩ ማዶ የማላውቀው ዜማ ሰማሁ። መካከል ላይ ደርሶ ቆመ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ፤ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ቆመ። ከሰዓት በኋላ እናትየው ሲመጡ ከመቀመጣቸው በፊት የጠየቁኝ ያንኑ ነው፦ «ታዲያ መቼ ትደርሳለች?»

«ቀኑን አላውቀውም፣ እትዬ» አልኳቸው። ረከቦቱን ወደኔ ሳብ አደረጉና «እንግዲያው ቡናውን ቁዪ» አሉኝ።